የፉሳኤ ጋንና ሰባቱ ሳንቲሞች

ሠላሳ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬአለሁ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። ይህን ታሪክ ሰምታችሁ ስትጨርሱ "ይሄ ሰውዬ ምን ሲያስተምር ኖረ?" ማለታችሁ ስለማይቀር፣ ከእናንተ አፍ ከምሰማው እኔው ልቅደም ብዬ ነው። ቶኩናጋ እባላለሁ። ኮኩራ ከተማ ውስጥ፣ ወንዙ ዳር ባለው ሰፈር፣ ከባለቤቴ ከፉሳኤ ጋር አርባ አራት ዓመት ኖሬአለሁ። ልጆቻችን ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ እሷና አንድ ጋን ነን።

ጋኑ የኑካ ጋን ነው። ኑካ በጨውና በውሃ ተለውሶ የኮመጠጠ የሩዝ ፉርሽካ ነው። ኪያሩን፣ ደበርጃኑን፣ ካሮቱን ማታ ትቀብሩበታላችሁ፤ ጠዋት አውጥታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ከሩዝ ጋር ትበላላችሁ። በእኛ ከተማ ሰርዲንም ይቀቀልበታል። ፉሳኤ ኑካውን ከእናቷ ወረሰች፣ እናቷም ከአማቷ። ዕድሜው ዘጠና ዓመት አልፏል። ነገር ግን ሕይወት ያለው ነገር ነውና በየቀኑ በእጅ ካልተገላበጠ በሳምንት ውስጥ ይሞታል። እኔ አርባ አራት ዓመት ሙሉ በላሁበት እንጂ አንድ ቀን እጄን አስገብቼ አላውቅም። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ።

ሐምሌ ላይ ፉሳኤ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ልትደረግ ሆስፒታል ገባች። ሦስት ሳምንት ትቆያለሽ አሏት። ስለ ቀዶ ጥገናው አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ጭንቀቷ ሁሉ ስለ ጋኑ ነበር።

"ጠዋትና ማታ ከሥር ወደ ላይ ታገላብጠዋለህ" አለችኝ፣ ታክሲው ደጅ ቆሞ እየጠበቃት። "በማንኪያ አይደለም። በእጅህ።"

"ሰማሁ።"

"ውስጡ ያሉትን ሚስማሮች እንዳታወጣቸው። ለደበርጃኑ ቀለም ናቸው።"

"ይህን ደግሞ ለእኔ ልታስተምሪ ነው? ከሚስማሩ የሚወጣው ብረት ከልጣጩ ቀለም ጋር ይያያዝና ሰማያዊነቱን..."

"ሰውዬ፣ እሱን አልጠየቅኩህም። አገላብጥ ነው ያልኩህ።" ታክሲው ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። "ከእናቴ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው" አለች፣ ቀስ ብላ። እኔ ግን "ጉልበትሽን አስቢ" ብዬ ሸኘኋት።

የመጀመሪያዎቹን ስምንት ቀናት እንደ ወታደር ሠራሁ። በዘጠነኛው ቀን በቴሌቪዥን ጎ የሚባለው የጠጠር ጨዋታ ውድድር ተጀመረ። ለሁለት ቀን ያህል ከወንበሬ አልተነሳሁም። በእኛ አገር ሐምሌ የሙቀት ወር ነው፤ ያን ሰሞን ደግሞ ጉድ ነበር። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ስከፍት ኑካው ነጭ ሻጋታ ለብሷል፤ ሽታው የቀለም መበጥበጫ ሽታ ነው።

ጤነኛ ሰው ቢሆን ነጩን ገፎ ይጥላል፣ ጨው ይጨምራል፣ ያገላብጣል፣ አለቀ። ይህን ሰፈራችን ውስጥ የማያውቅ አሮጊት የለም። እኔ ግን የኬሚስትሪ መምህር ነኝ! በእኛ አገር ማድቤት ዕቃ ማጠቢያው መውረጃ ውስጥ የአሥር የን ሳንቲም መጣል የተለመደ ነው። ሳንቲሙ መዳብ ነው ማለት ይቻላል፤ መዳብ ያለበት ቦታ ላይ ዝልግልጉ ቆሻሻ አይበረታም። የአበባ ማስቀመጫ ውስጥም እንጥለዋለን። እናም አሰብኩ፦ የመውረጃውን ዝልግልግ ድል የመታ መዳብ የጋኑን ሻጋታ ምን ይሳነዋል? ሰባት ሳንቲሞች መረጥኩ። በሳሙና አሸሁ፣ አፈላሁ፣ ጋኑ ውስጥ ቀበርኳቸው። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ማለት እኔ ነኝ።

ሻጋታው ጠፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደንብ ማገላበጥ ስለጀመርኩ መጥፋቱ አይቀርም ነበር፤ እኔ ግን ምስጋናውን ሁሉ ለሳንቲሞቹ ሰጠሁ። ፉሳኤ በየቀኑ ትደውላለች።

"ዛሬ ምን ምን ይሸታል?"

"እንደ ሁልጊዜው።"

"ደበርጃኑ ቀለሙ እንዴት ነው?"

"ጠቆር ብሎ ያምራል" አልኳት። ውሸቴን አልነበረም። ጠቆር ማለቱ ያሳስባል ብዬ አላሰብኩም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ኮቶኔ መጣች። ኮቶኔ ከፊት ለፊታችን ያለው ቤት ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ኬሚስትሪ ትማራለች፤ በባትሪና በነዳጅ ሴል ፈተና ወድቃ ዓርብ ድጋሚ ልትፈተን ነው። እናቷ "እባክዎን ያስጠኑልን" ብላ ሐብሐብ ይዛ መጥታ ነበር። ሐብሐቡን በልቻለሁ፣ ስለዚህ ማስጠናት አለብኝ።

ከማስጠናቴ በፊት ምሳ አቀረብኩላት። ሩዝ፣ ሾርባና ደበርጃን። ደበርጃኑን ጎረሰችና ማኘኳን አቆመች።

"መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ይሄ ነገር ሚስማር ሚስማር ይላል።"

"አንቺ ደግሞ ሚስማር መቼ በልተሽ ታውቂያለሽ?"

"ልጅ ሆኜ የበር ቁልፍ እጠባ ነበር። ልክ እንደሱ ነው።"

"እናትሽ ቁልፍ ታጠባሽ ነበር እንግዲህ" ብዬ እኔም አንዱን ጎረስኩ። እውነቷን ነው። ምላሴ ላይ ብረት ተቀመጠ። ሩዙን አስቀምጬ ተነሳሁ፣ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፣ ክንዴን እስከ ክርኔ ጋኑ ውስጥ ሰደድኩ።

ሦስቱን ሚስማሮች አወጣሁ። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ላይ ግን ሁለት ሳንቲሞች ተጣብቀዋል፤ ሳንቲሞቹ ዛሬ የተሠሩ ይመስል ያብረቀርቃሉ፣ የሚስማሩ ወገብ ግን አይጥ የጋጠው ይመስላል። ኮቶኔ ሚስማሩን በአንድ እጇ፣ ሳንቲሙን በሌላ እጇ ይዛ እያፈራረቀች አየቻቸው። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲበራ አየሁ። የእኔ ደግሞ በዚያው ልክ ጠቆረ፤ ምን እንዳደረግኩ ገብቶኛል።

"መምህር" አለች፣ ሳቋን አፍና። "ባትሪ ነው እኮ የሠሩት።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሆኖም መምህር ሲያፍር የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ጥያቄ ይጠይቃል። "አስረጂ" አልኳት፣ እጆቼን ወደ ኋላ አጣምሬ።

"ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች አሉ። በመካከላቸው ጨውና ኮምጣጣ ነገር ያለበት እርጥብ ነገር አለ። ብረቱ ከመዳቡ ይልቅ ኤሌክትሮኑን ቶሎ ይለቅቃል። ኤሌክትሮኑን ሲለቅቅ እሱ ራሱ አዮን ሆኖ ወደ ኑካው ይሟሟል። የተበላው ለዚህ ነው። ደበርጃኑን ያጠቆረውም ያ የሟሟው ብረት ነው።"

"ኤሌክትሮኑስ የት ሄደ?"

"ወደ መዳቡ።"

"መዳቡ ምን አደረገው?"

እዚህ ላይ ቆመች። ፈተና ላይ የወደቀችው እዚህ ላይ መሆኑ ገባኝ። "ተቀበለው?" አለች፣ እየፈራች።

"ሳንቲሙን ተመልከቺው እስቲ። የተለወጠ ነገር አለው?"

አገላብጣ አየችው። "የለውም። እንዲያውም ጸድቷል።" ቆየት ብላ "ታዲያ የተቀበለው ሌላ ነው" አለች። "ኑካው ኮምጣጣ ነው፣ ሃይድሮጂን አዮን አለበት። ስናገላብጠው ደግሞ ኦክስጅን ይገባበታል። እነሱ ናቸው የተቀበሉት። መዳቡ ላይ ሆነው ተቀበሉት እንጂ መዳቡ ራሱ አልወሰደም።"

"አዎ። መዳቡ ቤቱን ነው ያዋሰው። ጨዉስ?"

"ኤሌክትሮን በኑካው ውስጥ አይሄድም። አዮኖቹ ናቸው የሚሄዱት። ጨዉ መንገዳቸው ነው።" ሚስማሩን ከሳንቲሙ ጋር መልሳ አነካካችው። "ግን ይሄ ባትሪ አምፖል አላበራም፣ ምንም አልሠራም። ስለተነካኩ ኤሌክትሮኑ በአቋራጭ አለፈ። ሾርት አደረገ። ይህን ሁሉ ቀን ሚስማሩ የተበላው በከንቱ ነው።"

"በከንቱ" አልኩ።

ከዕቃ ቤት የቮልት መለኪያ ቴስተሬን አመጣሁ። ሚስማሩንና ሳንቲሙን ሳናነካካ ኑካው ውስጥ ስንተክል ነጥብ አራት ቮልት አሳየ። ኮቶኔ ግን በቁጥር የምትረካ ልጅ አይደለችም። አራት የሻይ ስኒ በኑካ ሞላች፣ የጎደለውን ሚስማር ከዕቃ ቤት፣ ሳንቲሙን ከቦርሳዋ ጨምራ በእያንዳንዱ አንድ ሚስማርና አንድ ሳንቲም ተከለች፣ የአንዱን ሳንቲም ከቀጣዩ ሚስማር ጋር በሽቦ አያያዘች፤ የማድቤቱን ሰዓት ከግድግዳ አውርዳ የባትሪ ድንጋዩን አወጣችና የሽቦውን ሁለት ጫፎች ከሰዓቱ ጋር አገናኘች። ሰዓቱ ትክ ማለት ጀመረ። እኔም እሷም እንደ ሕፃን ሳቅን። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ዚንክና መዳብ ስስል ኖሬ፣ ተማሪ እንዲህ ሲስቅ ያየሁበትን ቀን በጣቶቼ መቁጠር እችላለሁ።

ሳቋን ስትጨርስ ግን ፊቷ መልሶ ጨለመ። "ባትሪው ገባኝ፣ መምህር። የነዳጅ ሴሉ ነው የማይገባኝ። እዚያ ውስጥ ሚስማሩ የቱ ነው?"

ሁልጊዜ እንደዚህ ቢጠይቁኝ ኖሮ ጡረታ አልወጣም ነበር። እጇን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳት። ከቤታችን ጀርባ፣ ፍሪጅ የሚያህል አመድማ ሳጥን አለን፤ ልጆቻችን ያስገቡልን የቤት የነዳጅ ሴል ነው፤ ለቤቱ መብራት ይሰጣል፣ የገላ መታጠቢያውንም ውሃ ያሞቃል።

"እዚህ ውስጥ ሚስማር የለም" አልኳት። "በሚስማሩ ፈንታ የሚመጣው ሃይድሮጂን ነው። ሳጥኑ በቧንቧ ከሚመጣው ጋዝ ሃይድሮጂኑን ይለያል። ሃይድሮጂኑ በአንድ በኩል ፕላቲነም ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኑን ይጥላል። በመካከል ስስ ሽፋን አለ። ሽፋኑ ኤሌክትሮኑን የጣለውን ሃይድሮጂን ያሳልፋል፣ ኤሌክትሮኑን ግን 'አንተ ዞረህ ና' ይለዋል።"

"በሽቦ ይዞራል ማለት ነው።"

"ይዞራል። ሲዞር የእኛን መብራት አብርቶ ነው የሚያልፈው። በወዲያኛው በኩል ከአየር የመጣው ኦክስጅን ይጠብቃል። ሦስቱ ሲገናኙ ምን ይሆናሉ?"

"ውሃ" አለች። "ፕላቲነሙ እንግዲህ እንደ ሳንቲሙ ነው። ቤቱን ያዋሰ። አይበላም።"

"አይበላም።"

"ስለዚህ ባትሪ ማለት ምሳ ዕቃ ነው። ውስጡ ያለውን በልቶ ሲጨርስ አለቀ። የነዳጅ ሴል ግን እንደ እትዬ ፉሳኤ ጋን ነው። ሳያቋርጡ እስካበሉት ድረስ ይሠራል።"

"ካላበሉት ደግሞ ይቆማል" አልኩና ወዲያው ጋኑ ትዝ ብሎኝ ወደ ማድቤት ተመለስኩ። ፉሳኤ ቅዳሜ ትመጣለች። አራት ቀን ቀርቶኛል።

ሳንቲሞቹን እየቆጠርኩ አወጣሁ፣ ሰባቱም ተገኙ። በሳንቲሞቹና በሚስማሮቹ ዙሪያ ያለው ኑካ ጠቁሯል፤ እሱን ሁሉ ጠርጌ ጣልኩ። ስጨርስ ከጋኑ ግማሹ ቀርቷል። ዘጠና ዓመት የኖረ ነገር ግማሹን በቆሻሻ ከረጢት ጠቅልዬ ደጅ አስቀመጥኩ። ኮቶኔ አዲስ ፉርሽካ ቆላችልኝ፤ ጨው፣ ቃሪያና የደረቀ የባሕር አረም ጨመርን። ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ የጥቅል ጎመን ቅጠል እቀብርበትና መጥፎውን ጣዕም ይዞ ሲወጣ እጥለዋለሁ። ቀን ሦስቴ በእጄ አገላብጣለሁ። በሦስተኛው ቀን የብረቱ ሽታ ሄደ። አራተኛው ላይ ደስ የሚል፣ ለስለስ ያለ ኮምጣጣ ሽታ መጣ፤ ደስታዬን ምን ልበላችሁ!

"እኔ ለማንም አልናገርም" አለችኝ ኮቶኔ። "እትዬ ፉሳኤም አያውቁም። ዝም አይነቅዝም፣ መምህር።"

ሐሳቡ አልከፋኝም ነበር። ሐሙስ ዕለት ግን ፉሳኤ ደወለች።

"ምን እየበላህ ነው?"

"ጥቅል ጎመን" አልኩ፣ እጄ ላይ የነበረውን ቅጠል እያየሁ።

"አንተ ጥቅል ጎመን አትወድም" አለች። "እሺ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።" ዘጋችው።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኮቶኔ መልእክት ላከች። የነዳጅ ሴልንና የባትሪ ድንጋይን አነጻጽሩ የሚል ጥያቄ መጥቶ፣ ስለ ተበላው ሚስማር ጽፋ ገጹ አልበቃትም። በማለፏ እርግጠኛ ናት። እኔ ደግሞ የራሴ ፈተና በማግሥቱ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ታክሲው ደጃችን ቆመ። ፉሳኤ በከዘራ ተደግፋ ወረደች። ቦርሳዋን ተቀብዬ "ተቀመጪ፣ ሻይ ላፍላ" ስላት ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ጫማዋን እንደምንም አውልቃ በቀጥታ ወደ ማድቤት ሄደች። ክዳኑን ከፈተች። አሸተተች። እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን እስከ ክርኗ ሰደደች። እኔ ከኋላዋ ደብተሩ እየታረመ እንዳለ ተማሪ ቆሜአለሁ።

"ቀንሷል" አለች።

"አዎ።"

"ፉርሽካው አዲስ ነው።"

እዚህ ላይ መዋሸት ይቻል ነበር። ሙቀቱ ነው፣ ውሃ አዘለ፣ ትንሽ ቀነስኩለት ማለት ይቻላል። አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት፤ የጎውን ውድድር፣ ሻጋታውን፣ ሰባቱን ሳንቲሞች፣ ሚስማሩን፣ ደጅ ያወጣሁትን ከረጢት። "ከእናትሽ የቀረሽን ነገር ግማሹን ጥዬብሻለሁ" አልኳት። "ይቅር በይኝ።" ሰባ አራት ዓመቴ ነው፤ ይቅርታ በመጠየቄ አላፈርኩም።

ፉሳኤ ክንዷን ከጋኑ ሳታወጣ ኑካውን አንድ ጊዜ አገላበጠች።

"ሰባት?" አለች በመጨረሻ።

"ሰባት። ቆጥሬ አውጥቻለሁ።"

"ይህንኑ ነበር ልጆቹን የምታስተምረው?"

"ይህንኑ።"

"ሠላሳ ስምንት ዓመት?"

"ፉሳኤ፣ በቃ።"

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ቀረብ ስል ለካ እየሳቀች ነው። እየሳቀች ከጋኑ ውስጥ ኪያር አወጣች፤ ጎመኑን መጣል ካቆምኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀበርኩት ኪያር ነበር። አጠበችው፣ ከተፈችው፣ ቆማ አንዱን ጎረሰች። ስታኝክ ሳቁ ከፊቷ ጠፋ። ብዙ አኘከች።

"የእናቴ ጣዕም የለም" አለች።

መሬት መሬቱን አየሁ።

"የእኔም የለም።" ሁለተኛውን ቁራጭ አነሳች። "ኑካ የሚመስለው የሚያገላብጠውን እጅ ነው። እናቴ የሞተች ጊዜ የእሷን ጣዕም ላቆይ ብዬ ስንት ለፋሁ። በዓመቱ ብቀምሰው የእኔ ሆኗል። ለአንተ አልነገርኩህም እንጂ ያን ቀን ማድቤት ውስጥ አልቅሻለሁ።" አኘከች፣ ዋጠች። "ይሄ አንተ ነህ። ጨው ይበዛብሃል።"

"ልቀንሰው?"

"ተወው" አለች። "አርባ አራት ዓመት የእኔን እጅ በልተሃል። እኔ ያንተን አንድ ቀን ቀምሼ አላውቅም።"

ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ሳህኑን ወደ ራሷ አስጠጋች፣ ሩዝ ጨምርልኝ አለችኝ።